ደመወዝ ክፍል ያለችው ጓደኛ

አፀደ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቷ ድረስ የምትሠራው ፎቶ ቤት ነበር። ከቀጨኔ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ ታነሳለች፣ የሠርግ ፎቶ በኮምፒውተር ታሳምራለች፤ የሙሽራ ጥርስ ታነጣለች፣ የአማት ፊት ላይ የወደቀ ጥላ ታጠፋለች። በኋላ ሰው ሁሉ በስልኩ መነሳት ጀመረ። ቀጥሎ ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቤቱ ፈረሰ። ባለቤቱ የመጨረሻ ደመወዟን ሳይሰጣት ከተማ ቀየረ፤ ብትደውልለትም አያነሳም።

በዚያ ሰሞን ቤቷ እየተመላለሰች ያጽናናቻት ሐመልማል ነበረች። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። ሐመልማል ጉለሌ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ በጥልፍ ክፍል ትሠራ ነበር፤ እጇ ጥሩ ነው፣ አፏም አያርፍም።

«ኮምፒውተር ትችያለሽ አይደል?» አለቻት አንድ ቀን። «ደመወዝ ክፍል ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ለአቶ አጥናፉ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ'ኮ ሒሳብ አልተማርኩም።»

«ተማሪያ! ማን ከለከለሽ?»

ተማረች። የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣ የሒሳብ ኮርስ ወሰደች። ሐመልማልም ቃሏን አላጠፈችም፤ የደመወዝ ክፍሉ ኃላፊ አቶ አጥናፉ ፊታቸውን ሳይፈቱ «ትሞክር» አሉ።

አቶ አጥናፉ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ሰው ሲሳሳት የሚደሰቱ የሚመስሉ ሽማግሌ ነበሩ። አፀደ በገባችበት ወር የካውያ ክፍል ሠራተኞችን ትርፍ ሰዓት ሳታስገባ ቀረች። ሴቶቹ የደመወዝ ክፍሉን መስኮት ሊሰብሩት ደረሱ። አቶ አጥናፉ ተነሥተው በሩን ከፈቱና በክንዷ ይዘው ወደ ውጭ አወጧት።

«ይቺ ናት የረሳቻችሁ» አሉና በሩን መልሰው ዘጉት።

ሴቶቹ ከበቧት። ስድቡ እናቷንም አልማረም። አንዷ የአንገት ልብሷን ስትጎትተው አንገቷ ተላጠ። ስትመለስ አቶ አጥናፉ ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። «አሁን የማን ትርፍ ሰዓት እንደሆነ አወቅሽ» አሏት። አፀደ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን የማንንም ትርፍ ሰዓት ረስታ አታውቅም።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ተጠባባቂ ኃላፊ ሆና የተመደበችው እሷ ነች። በሥሯ የሚሠሩ ሦስት ልጆች ነበሩ። ከሦስቱ ፈጣኗ ሰልዋ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ነች። አፀደ ለራሷ የገባችው አንድ ቃል ነበር፤ ስህተት ሲፈጠር መስኮቱ ጋ የምትቆመው እሷው ትሆናለች እንጂ ልጆቿን አውጥታ አትሰጥም። እንደዚያም አደረገች። ልጆቹም ወደዷት፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሳቃቸው ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓምሃ ቢሮው አስጠራት።

«የጥልፉ ክፍል ዓርብ ይዘጋል» አላት። «ማሽኖቹ ተሸጠዋል። የሁሉንም የስንብት ክፍያ አዘጋጂ።»

«ሠራተኞቹ ያውቃሉ?» አለች አፀደ።

«ምን ነክቶሽ ነው? የያዝነው ትእዛዝ ገና አላለቀም። ካወቁ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።» ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «ወሬው ካንቺ ክፍል ከወጣ አራታችሁንም አብሬ ነው የምሸኛችሁ። ካልወጣ ደግሞ ‹ተጠባባቂ› የምትለዋን ቃል አነሣልሻለሁ። በቃ፣ ሂጂ።»

ሥራው ብቻዋን የምትወጣው አልነበረም። ልጆቹን ሰብስባ ነገረቻቸው፤ አቶ ዓምሃ ያለውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሰልዋ አንገቷን ደፋች። አክስቷ ጀዊሪያ ጥልፍ ክፍል ናት፤ ያሳደገቻትም እሷ ነች። አፀደ ይህን ስለምታውቅ የጥልፉን ሥራ ለሌሎቹ ሰጠች። ግን ክፍሉ አንድ ነው፤ ከማን ምን ይደበቃል?

ማክሰኞ ከሥራ ሲወጡ ሐመልማል በር ላይ ጠበቀቻት። አብረው ዳገቱን ወደ ቀጨኔ መውጣት ጀመሩ።

«ስሚ፣ ላማክርሽ» አለች ሐመልማል እያለከለከች። «ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ የከፈተ ሰው አለ። በማሽን ጥልፍ የምትችል ይፈልጋል። እስከ ነገ ንገሪኝ ብሎኛል። ከዚህ ትንሽ ይሻላል፣ ግን እ... ማለቴ፣ አዲስ ሱቅ ነው፤ ነገ ቢዘጋስ? የፋብሪካውን ነገር ደግሞ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

አፀደ መንገድ ላይ ቆመች። የጫማዋን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ አለች፤ ማሰሪያው አልተፈታም ነበር። የልጆቹ ፊት መጣባት። የአቶ ዓምሃ ቃልም መጣባት፣ ‹ተጠባባቂ› የምትለዋ ቃል ጭምር። ከሁሉ የትኛው እንደያዛት እስከ ዛሬ ለይታ አታውቅም።

«እዚህ ቢያንስ ጡረታ አለው» አለች።

«እውነትሽን ነው?»

«ሱቅ ምን ዋስትና አለው?»

ሐመልማል ቀለል አላት። «ጎሽ! እኔም እንደሱ እያሰብኩ ነበር» አለችና ክንዷን ያዘቻት። እስከ ሰፈራቸው ድረስ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራች ሄደች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የጥልፉ ክፍል ማሽኖች በአንድ ጊዜ ፀጥ አሉ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ዓምሃ የደመወዝ ክፍሉን በር በርግዶ ገባ።

«ከዚህ ነው የወጣው! ማን ነው?»

የሰልዋ እጅ ኪቦርዱ ላይ ደረቀ። አፀደ አየቻት፤ ማን ለማን እንደነገረ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ስም መጥራት ቀላል ነበር። ሌሎቹ ሁለት ልጆች ይድናሉ፤ እሷም ትድናለች።

«ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ» አለች ተነሥታ። «በእኔ ላይ ይጻፉ።»

«አንቺ ነሽ የተናገርሽው?»

«ከክፍሌ ወጥቷል።»

አቶ ዓምሃ አተኩሮ አያት። የወሩ ደመወዝ ሊዘጋ ቀናት ነበር የቀሩት፤ አራቱንም ቢያባርር ሥራውን የሚሠራለት እንደሌለ አፀደም እሱም ያውቃሉ። ፈገግ አለ።

«እሺ፣ ኃላፊ ነኝ ካልሽ የኃላፊ ሥራ ልስጥሽ። የስንብቱን ደብዳቤ አንቺው ነሽ የምታድይው። አሁኑኑ፣ ግቢው ውስጥ።»

ጠረጴዛ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጥበቃዎቹ ግራና ቀኝ ቆሙ። አፀደ ስም እየጠራች ሰጠች። አንዳንዷ ሳታያት ተቀብላት ትሄዳለች። አንዷ አሮጊት «አንቺንስ ማን ይቅበርሽ» አለቻት። ጀዊሪያ ደብዳቤዋን ተቀብላ እጥፍ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሐመልማል ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን አልተቀበለችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐምዬ...»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

ሐመልማል ቀኑን በጣቶቿ ቆጠረች። «ማክሰኞ ነው የጠየቅሁሽ» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ለሰውዬው ትናንት አልመጣም አልኩት። ሌላ ሰው ቀጠረ።» ከዚያ ደብዳቤውን ከእጇ ላይ ወሰደችና ሄደች።

ውጭ በሩ ላይ የጥልፍ ክፍል ሴቶች ሰልዋን ከበው ይስሟት ነበር። «ሰው ያልነው አንቺን ብቻ ነው» ይሏታል። አፀደ ስታልፍ መንገድ ለቀቁላት። አንዷ ከኋላዋ እንትፍ አለች።

በማግስቱ አፀደ ሰልዋን ለብቻዋ ጠርታ አነጋገረቻት። ታመሰግነኛለች ብላ ጠብቃ ነበር።

«አድኚኝ አላልኩሽም» አለች ሰልዋ። «አክስቴን ከመሸጥ መባረር ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን ጓደኛሽን ከሽሮ ሜዳው ሥራ አስቀረሻት። ለእኔ የቆምሽው እሷን ስላስቀረሻት ነው፤ አይደለም?»

አፀደ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ፋይል ዘጋች። «ወደ ሥራሽ ተመለሺ» አለቻት።

ሰልዋ ሥራዋን አልለቀቀችም። እንደ ድሮው ፈጣን ነች፣ አትሳሳትም፤ ከሥራ ውጪ ግን ቃል አይወጣትም። የምሳ ሰዓቱ ሳቅ ቆመ። ወሩ ሲዘጋ ደመወዝ በሰዓቱ ስለገባ አቶ ዓምሃ ‹ተጠባባቂ› የምትለዋን ቃል አነሣላት፤ ስለ ወሬው መውጣት የጻፈባትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ፋይሏ ውስጥ ተወው። «ሁለቱም ይጠቅሙሻል» አላት እየሳቀ።

ሁለት ጊዜ ሐመልማል ቤት ሄደች። በመጀመሪያው ማንም አልከፈተላትም፤ ውስጥ ግን ሬዲዮ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው የሐመልማል ልጅ ወጥታ «እማዬ የለችም በያት ብላኛለች» አለቻት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሐመልማል ሽሮ ሜዳ ገባች ተብሎ ተወራ። የገባችው ግን ባለማሽን ሆና አይደለም፤ ከዚያው ሱቅ ነጠላ እየተቀበለች ቤቷ ዘርፉን ትቋጫለች። በቁራጭ ነው የሚከፈላት፤ ጡረታም የለው፣ ምንም የለው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መሸሻ አልነበረም፤ ሕዝቡ ከኋላ ይገፋል። አፀደ አፏን ስትከፍት ሐመልማል ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለማታውቀው ትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ አለች።

«እንዴት አደሩ?» አለቻት። «ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች አፀደ። ሌላ ምን ትላለች? ሐመልማልም «ይመስገን» ብላ ራሷን በትህትና ነቅንቃ አለፈች፤ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ሳቋ ከታች ተሰማ።

አፀደ ሰዉ እስኪያልፍ ግንቡን ተደግፋ ቆየች፤ ከዚያ በሌላኛው መንገድ ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ የወር መዝጊያ ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ ገባች።