ጋሽ በራሶ ከነአምስት ቢላዋቸው

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ዲላ መናኸሪያ

ዲላ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ሥዕል ታቅፌ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የተሣሉት ጋሽ በራሶ ናቸው፤ ቡሌ ውስጥ ከቀርከሃ ቅርጫት የሚሠሩ ሽማግሌ። ሦስት ቀን ደጃቸው ላይ ተጎልቼ ሻያቸውን ስጨርስ፣ "ሰው ፊት ሳትሰቅለኝ መጀመሪያ እኔ ልየው" ብለው ቃል አስገብተውኛል። የምሳተፍበት የሥዕል አውደ ርዕይ ነገ ዲላ ይከፈታል። እምቢ ካሉ ግድግዳዬ ባዶ ነው፤ ሌላ የሚረባ ሥዕል የለኝም።

ችግሩ ሥዕሉ ኩቢዝም ነው። ሰውየውን ከፊትም ከጎንም ከላይም አይቼ፣ ቆራርጬ፣ አንድ ሸራ ላይ ገጣጥሜያቸዋለሁ። ሦስት ዓይን አላቸው። አፍንጫቸው ጆሯቸው አጠገብ ነው። የእጃቸውን ፍጥነት ለማሳየት ደግሞ አምስት ቢላዋ አስይዣቸዋለሁ። በቢላዋዎቹ በጣም ኮርቻለሁ።

"የተሰበረ በር ነው?" አለኝ ረዳቱ። "ፖርቶ መጋላ ላይ ይውጣ!"

"ሰው ነው" አልኩት።

"ምን ገጭቶት?"

2 ሰዓት፤ ዳገቱ ላይ

መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ አልፎ አልፎ አስፋልት የሚመስል ነገር ጣል ጣል ተደርጎበታል። ቡናው ወደ ኋላ ቀረ፤ እንሰትና ብርድ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የታቀፏት ዶሮ ክንፏን አራግፋ አንድ ላባ ጋሽ በራሶ ግንባር ላይ ለጠፈች። ሴትዮዋ አዩና "አሁን ትንሽ ያምራል" አሉኝ።

4 ሰዓት፤ ቡሌ

ሥዕሉን የጋሽ በራሶ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፌ ራቅ አልኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ወደ ባላቸው ዞረው ቀደሙ፦ "ሦስት ዓይን እያለህ ነው ጣራው ሲያፈስ የማታየው?"

ጋሽ በራሶ አልሳቁም። ዓይኑንም አፍንጫውንም ዘለው ቢላዋዎቹ ላይ ቆሙ።

"ይሄ እኔ አይደለም። ይሄ ሰው ሥራ አያውቅም።"

"ለምን?"

"ቢላዋ አትሄድም። ቀርከሃ ነው የሚሄደው። ቢላዋ ከሄደች ጣት ትሄዳለች።"

ቁጭ ብለው አሳዩኝ። ቢላዋዋን ጉልበታቸው ላይ ባለው ቁራጭ ቆዳ ላይ ተጭነው ያዙ፤ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ በሌላው እጃቸው ከሥሯ ሳቡት። ቢላዋዋ ንቅንቅ አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁት ይሄንኑ ነበር፤ የሚንቀሳቀሰውን ሳሳድድ የቆመውን ሳላይ ቀረሁ። አፈርኩ።

"ሰዎች ይሄን ካዩ 'በራሶ አርጅቶ ሥራ ጠፋበት' ይላሉ። አትሰቅልም።"

ጨርቅ ላምባ ውስጥ ነከርኩና አራቱን ቢላዋዎች አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። አምስተኛዋን እሳቸው እርጥቡን ቀለም በአውራ ጣታቸው ገፍተው የሥዕሉ ጉልበት ላይ አስተኟት። ከዚያ ራቅ ብለው ሥዕሉን አዩት።

"ዓይኑንስ ላስተካክለው?" አልኩ።

"ተው፣ ተው! ለዚህ ሥራ ሁለት ዓይን መች ይበቃል? ስቀል።"

9 ሰዓት፤ ወደ ዲላ

ያው ሚኒባስ፣ ያው ረዳት። ለስድቡ ተዘጋጅቼ ሸራውን ታቅፌ ቆምኩ። አንገቱን ሰበር አድርጎ አየው፤ ቢላዋዋን አየ፣ ጉልበቱን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ዞረና ጮኸ፦

"ጠጋ ጠጋ በሉ! ለሽማግሌው ቦታ ልቀቁ!"