የድሮውን ኮምፓይለር የማይጥለው ሰው

አዲሷ ተቀጣሪ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ሰረቅ እያደረገች ታየዋለች። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጥፍሩን በልቶ ጨርሶታል። የመተንፈሻ ማሽኖችን የሚያንቀሳቅሰውን የሶፍትዌር እምብርት፣ ከርነሉን፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉመው በአዲሱ ኮምፓይለር ከገነባው በኋላ በድሮውም ይደግመዋል። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን መስመር በመስመር ያስተያያል።

«ጋሼ፣ በአዲሱ አለፈ እኮ። ምንም ስህተት የለም» አለችው።

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ ልጄ። አዲሱ ብልጥ ነው፤ አያስፈልግም ብሎ የገመተውን የደህንነት ፍተሻ ከኮዱ ውስጥ ትንፍሽ ሳይል ይጥለዋል። የድሮው አይነካውም ነበር።»

አዲሱ ኮምፓይለር ፍተሻውን እንዳይጥል የሚያዝ አንድ የኮድ መስመር ጨምሮ እንደገና ገነባው። የጠፋው ፍተሻ ተመለሰ፤ ልቡ ግን አላረፈም። ስልኩን አንስቶ ቤቱ ደወለ።

«የማሽኑ መብራት አረንጓዴ ነው?» አለ ስልኩን ያነሳችውን ልጁን። መልሷን ሰምቶም አልዘጋው።

«እስቲ ስልኩን ወደ እናትሽ አስጠጊልኝ። ስትተነፍስ ልስማት።»