ጉና ሲጠቁር

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወረታ ላይ ዝናብ ጠፋ። ሩዛችን ዛላ ሊያወጣ ነበር፤ ሩዝ ውሃ ውስጥ መቆም ያለበት ደግሞ ያኔ ነው። የእኛ ማሳ ግን ውሃ አልነበረውም። አባቴ ለቀውታል።

ፎገራ ተወልዶ ጎርፍ የማይፈራ የለም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ጎተራችንን ከነእህሉ ከወሰደው ወዲህ ግን የአባቴ ባሰ። ርብ የሚነሳበት የጉና ተራራ በደመና በጠቆረ ቁጥር አካፋ ይዘው ይወጡና የማሳውን ክትር ቀደው የተቋጠረውን ውሃ ይለቃሉ፤ ለሚመጣው ጎርፍ ቦታ ሊያስለቅቁ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ዘንድሮም ጉና ጠቆረ፤ እሳቸውም ቀደዱ። ጎርፉ ቀረና ፀሐይ መጣች።

እንዴት ያለች ፀሐይ! ገና በሦስት ሰዓት ቆርቆሮው ይንጣጣል። ከብቶቹ ግጦሹን ትተው ከዋርካው ሥር ይተኛሉ። ለፍል ውሃ ዋንዛዬ ድረስ መሄድም ቀረ፤ የማድጋችን ውሃ ይበቃል። ሬዲዮው በየማለዳው «በጣና ዙሪያ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል» ይላል። ማን እንደሚጠብቀው እንጃ፤ እኔስ ጠብቄ ጠብቄ አንገሸገሸኝ። አንድ ቀን በንዴት ዘጋሁት። አባቴ መልሰው ከፈቱት።

«ኧረ ተይ እንስማው፤ የጎርፍ ወሬ ይኖር ይሆናል» አሉኝ።

«አባባ፣ መሬቱ እጅ እስኪውጥ ተሰነጣጥቋል! የምን ጎርፍ ነው የሚፈሩት?»

የሬዲዮውን ድምፅ ጨመሩት። ይኼ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ።

ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው የጎረቤታችን ማሳ የለቀቅነው ውሃ ገብቶለት ለምልሟል። ሰውዬው ሩዛችን ቅጠሉን ሲጠቀልል አይቶ አላስቻለውም፤ «ኑና ቅዱ» አለን። የተቀደደውን ክትር በጭቃ ደፈንኩና ከአባቴ ጋር በባልዲ እየቀዳን ወደ ላይ ስንደፋ ዋልን። በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ቀና ሲሉ ማየት ያሳዝናል። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም፤ የምንመልሰው በገዛ እጃችን የለቀቅነውን ውሃ ነው።

አመሻሹ ላይ የማሳው አፈር ገና መራስ ሲጀምር ጉና እንደገና ጠቆረ። ቀና ስል አባቴ አካፋቸውን ይዘው እኔ የደፈንኩት ቦታ ላይ ቆመዋል። ሮጬ ሄጄ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩበት።

«ተነሽ ልጄ፤ ቢመጣስ?»

«ይምጣ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

አልተቆጡኝም። አካፋውን ተደግፈው ሰማዩን ያዩ ጀመር፤ እኔም አየሁ። እሳቸው እንዳይመጣ ይለምናሉ፤ እኔ እንዲመጣ እለምናለሁ። ደመናው በላያችን ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ወደ ጣና አለፈ።

«ተመስገን!» አሉ አባቴ ከልባቸው።

ከዚያ ዞር ብለው ሩዙን አዩትና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።