መድና ፍልውሃ ልትገባ

የኦስሎ ሮመን ሰፈሯ መድና አይስላንድ ልትሄድ ነው ሲባል ያልሳቀ የለም። ከሁሉ የባሰው ባሏ አብዱልሀሚድ ነበር። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በረዶ ሲባል ገና ስሙን ሰምቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው።

«ያ ረቢ! ሰው ከኦስሎ ብርድ ሸሽቶ ስፔን ይሄዳል፤ አንቺ ጭራሽ ወደባሰው? ተራራው ደግሞ እሳት ይተፋል አሉ። ብርዱ ቢምርሽ እሳቱ አይምርሽም!»

«አብሽር፣ አልሞትብህም» አለችና ሻንጣዋን ዘጋች።

ነገሩ ወዲህ ነው። መድና ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ላይ፣ ቢሮ ስታጸዳ ኖራ ወለሉ አበራ፣ ጉልበቷ አለቀ። ደረጃ ስትወጣ «ወይኔ እናቴ» ሳትል አትወጣም። ልጅ ሳለች ወሎ ውስጥ እናቷ በቃሬዛ ፍልውሃ ወርደው በእግራቸው ሲመለሱ በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ኦስሎ የተወለደችው ልጇ ሩሚሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ለገና ሲዘጋ «የት ልውሰድሽ እማ?» ስትላት ቅንጣት አላመነታችም፤ «የፈላ ውሃ ከመሬት የሚወጣበት አገር» አለቻት። ሌላ ያማራት ነገር የለም፤ እዚያ ውሃ ውስጥ ገብታ መዘፍዘፍ ብቻ።

አገሩስ ጉደኛ ነው። ነጋ ሲሉት ይመሻል። ጥቁሩ ድንጋይ በረዶ ለብሷል፤ ከሥሩ መሬቱ ይጨሳል። አንድ ቦታ ላይ ውሃው ድንገት ወደ ሰማይ ሲፈነዳ መድና «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብላ የማታውቀው ጎብኚ ክንድ ላይ ተጠመጠመች። ሰውየውም ደንግጦ እሷን ይዟል። ሩሚሳ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

«ይሄማ ይቀቅላል» አለች መድና፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የሚገባበት የታለ?»

የሚገባበት ተገኘ። ልብስ መቀየሪያው ጋ ሲደርሱ ግን ጉድ ፈላ። መድና ከራስ ጠጉር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ ይዛ መጥታለች፤ ተቆጣጣሪዋ ለልብሱ ምንም አላለችም። ውሃው ኬሚካል ስለማይጨመርበት ግን ማንም ሰው ሳይገባ በፊት ራቁቱን በሳሙና መታጠብ አለበት። መታጠቢያው በር የለው፣ መጋረጃ የለው! ሴቱ ሁሉ እንደተወለደ ቆሞ ወሬውን ይሰልቃል።

«ናይ! በጭራሽ!» አለች መድና፣ እምቢታዋ በኖርዌይኛ አምልጧት። «እኔ እንኳን እዚህ፣ አባትሽ ፊት መብራት ሳላጠፋ...» ልጇ መሆኗ ትዝ አላትና ቀሪውን ዋጠችው።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከመስታወቱ ማዶ ውሃው ይጨሳል። «አንቺ ግቢ የኔ ልጅ፤ እኔ ልብስ እጠብቃለሁ» ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ወሎስ እንዴት ነበር የምትታጠቡት?» አለች ሩሚሳ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ሁለት ሴቶች ጋቢ ዘርግተው ይይዛሉ፤ አንዷ ከኋላው ትታጠባለች። እዚህ ማን አለኝ?»

ሩሚሳ ለብርድ ተብሎ የመጣውን ጋቢ ከሻንጣው መዘዘችና አንዱን ጫፍ ያዘች። ሌላው ጫፍ ወለሉ ላይ ተጎተተ። ይኼኔ ሻወር ሥር የነበሩ አንዲት ሸበቶ አሮጊት፣ አረፋው ከትከሻቸው ሳይወርድ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው ያንን ጫፍ አነሱት። መድና የምታይበት ጠፍቷት ጣራ ጣራውን እያየች ከጋቢው ኋላ ገባች። ተቆጣጣሪዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች፤ ሕጉ ታጠቢ ይላል እንጂ ታዪ አይልም!

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በረዶው ከላይ ይዘንባል፣ ከታች ፍልውሃው አጥንት ድረስ ይገባል። መድና እስከ አገጯ ሰጥማ «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። አሮጊቷም አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። መድና የሳቸውን ቋንቋ አታውቅ፤ ምስጋናዋን ምን ላይ ታድርገው? እንደ አገሯ እጃቸውን ይዛ ሳመች። ሴትዮዋ አንዴ አዩዋት፤ ከዚያ በሳሙናና በመወልወያ የሻከረውን የመድናን እጅ ከውሃው አውጥተው መልሰው ሳሙት።

መድና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«ምነው እማ፣ ጉልበትሽ ነው?» አለች ሩሚሳ ደንግጣ።

«ናይ፣ ጉልበቴስ ደህና ነው» አለች መድና፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ቢሯቸውን ስጠርግ፣ ይሄን እጅ የሳመ ፈረንጅ ገና ዛሬ አየሁ።»