ከውዱ የተረፈ ውሃ

አያቴ በማሰሮ ውሃ ውዱ ሲያደርጉ ሁልጊዜ ጥቂት ያስተርፋሉ። የተረፈውን ማንጎው ሥር ወዳለችው ትንሽ ጉድጓድ እያፈሰሱ፣ «ነፍስ ያለው ሁሉ ይጠማል» ይላሉ፤ ዶሮውም ወፉም ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ነው ለሰላት የሚቆሙት።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ መሥሪያ ቤት በመሥሪያ ቤት ስትሆን፣ የኛም ግቢ ቧንቧ ገባለት።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እዚህ ይታጠቡ» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ቧንቧ ትራፊ የለውም» ብለው ማሰሯቸውን አነሡ።

ባለፈው ጁምዓ ቀበርናቸው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ብወጣ ዶሮዎቹ የደረቀችውን ጉድጓድ ከበው ቆመዋል። ማሰሮውን ከቧንቧው ሞልቼ አፈሰስኩላቸው። እነሱስ ጠጥተው ተበተኑ። የአያቴን የተዘጋ በር እያየሁ፣ ጠምቶኝ የቀረሁት እኔ ነኝ።