የለተብርሃን ባሕር

መጀመሪያ ያወቅሁት ድምፁን ነው። ታናሽ ወንድሜን ዘውዱን ጥርሱን ሊያስነቅል አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ዘንድ ወስጄው፣ ተራ እስኪደርሰን ተቀምጠን ሳለ ከጀርባዬ ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሰማሁ። ዞር ብል ከግድግዳው የተጠጋ የመስታወት ገንዳ ነው። አሸዋ አለው፣ ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ አለው፣ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ክዳኑ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሽታው መጣ፤ የጨው፣ የእርጥብ ገመድ፣ ትንሽም የሚሰነፍጥ ነገር ሽታ። ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም።

«የባሕር ውሃ እኮ ነው» አልሁት።

ዘውዱ ጉንጩን እንደያዘ አቃሰተ። ጥርሱን የሚያመው ሰው የባሕር ነገር ምን ገዶት። እኔ ግን ለተብርሃን ትዝ አለችኝ፤ የልጅነት ጎረቤታችን።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደ ቢጫ ቤት ውስጥ ነበር። ለአንድ ሹማቸው የሠሩትን ቤት እኛ አምስት ቤተሰብ ሆነን ተካፍለነው፣ ምግብ ቤቱ መኝታ፣ የፈረስ ጋጣው ማጀት ሆኗል። የመካከሉን ሁለት ክፍል የያዘው አያ ቢራራ የጭነት ማኪና ሾፌር ነው። ኑግና ቆዳ ጭኖ በሊማሊሞ ቁልቁል ይወርድና በአሥመራ አድርጎ ምጽዋ ይደርሳል፤ ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከጨው ጆንያው ጋር ሚስት ይዞ መጣ።

ለተብርሃን የጀልባ ሠሪ ልጅ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ መሬቱን የማታምነው ዓይነት ሴት። አማርኛዋ ከትግርኛ ጋር የተቀላቀለ ስለነበር እኛ ልጆቹ እየቀዳን እንስቅባት ነበር፤ እሷም አብራን ትስቃለች። ብርዱ ግን አላስቃትም። ከፋሲል ግንብ በላይ ጭጋጉ ሲወርድ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና ወደ ሰሜን ታያለች። ክፉ የተናገራት ሰው የለም። ሰፈራችን እንግዳ ይወዳል፤ እንግዳው እንግዳ ሆኖ እስከቀረ ድረስ። ሁለት ዓመት ሳትወልድ ስትቀመጥ ግን ሰላምታው ሁሉ ወደ ሆዷ መመልከት ጀመረ።

በሁለተኛው ክረምት ተነሥታ ሄደች። የሌላ ሰው ማኪና ተሳፍራ ድብ ባሕር ከምትባል መንደር ስትደርስ አያ ቢራራ ከኋላ ደረሰባትና መለሳት። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከፊት የተቀመጡት የሰፈሩ የድጓ መምህር አለቃ ወርቁ ነበሩ፤ ነገር በማሳጠር የታወቁ፣ ያሳጠሩትንም በወግ የሚያጣፍጡ ሽማግሌ። «ምን ጎደለብሽ ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

«ባሕሬ» አለች።

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። አለቃም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እንግዲያውስ ቢራራ ባሕሯን ያምጣላት። ባሕሩ በቤቷ እስካለ ትቀመጥ፤ ባሕሩ የጠፋ ዕለት ግን የሚይዛት የለም» ብለው ፈረዱ። ባልና ሚስት እጅ ተማትተው ተነሡ። ለሽማግሌዎቹ የጨዋታ ማጣፈጫ ነበር። ለተብርሃን ግን ቃል ከአፍ ከወጣ ቃል ነው ብላ ያደገች ናትና እንዳለ ወሰደችው።

አያ ቢራራም የዋህ ሰው ነው፤ እሱም እንዳለ ወሰደው። ከወደቀ ማኪና ብረት አስቆርጦ ቋሚ አሠራ፣ የመስኮት መስታወት ገዛ። መስታወቱንና ብረቱን ያያያዘችው ግን እሷ ናት። ሬንጅ አፍልታ፣ አባቷ የጀልባን ስንጥቅ እንደሚደፍነው፣ ስፌት ስፌቱን በእንጨት እየጠቀጠቀች ደፈነችው። ብረቱንም ጨው እንዳይበላው ከላይ እስከ ታች ሬንጅ ቀባችው። ገንዳው ከአንድ የልብስ ሣጥን አይበልጥም፤ ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ በድንጋይ ጠፍጣፋ ላይ ተቀመጠ። ውሃው የወይን ጠጅ ይመላለስበት በነበረ የእንጨት በርሜል ከምጽዋ መጣ። ግቢው «ቢራራ ጨው ሊያመጣ ሄዶ ባሕሩን ጠቅልሎ መጣ» እያለ ተሳለቀ።

ከዚያ አሸዋው መጣ፤ ከዚያ እሷ «ሕያው ድንጋይ» የምትላቸው፣ በላያቸው መርጃን የሚሉት ባለ ቀለም የባሕር ፍጥረት የበቀለባቸው ድንጋዮች። እንስሶቹን ያመጣው ውሃው ሲረጋ ቆይቶ ነው፤ ሊማሊሞ ላይ ጠመዝማዛውን እየጎተተ፣ በየመንገዱ ቆሞ በርሜሉን በነፋስ መንፊያ እየነፋ። ከመጡት ግማሹ መንገድ ላይ ሞተ። የተረፉት ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ በሌላ እንስሳ ዛጎል ውስጥ የሚኖር ሸርጣን፣ ጣቶቿን እንደ ጸጉር የምታወዛውዝ አበባ መሳይ እንስሳ፣ በጣቶቿም መካከል የሚተኛ ነጭ መቀነት የታጠቀ ብርቱካንማ ዓሣ ነበሩ። ያን ዓሣ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ምሳዬን ረሳሁ።

ባሕር ማኖር ቀላል አይደለም። ውሃው መተንፈስ አለበት። አያ ቢራራ የማኪና ጎማ ከመነዳሪ ከገንዳው ጎን ሰቀለላት፤ በእግር መንፊያ ትሞላዋለች፣ አየሩ በቀጭን ጎማ ወርዶ በአንዲት ለስላሳ እንጨት ቀዳዳ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ከመነዳሪው ሲሟሽሽ እንደገና ትነፋለች። ማታ ገንዳውን በጋቢ ትጠቀልለዋለች፤ ብርዱ ሲጠና ከጠፍጣፋው ድንጋይ በታች ኩራዝ ታበራለች። ጥሬ ሥጋ እንደ ክር አቅጥና በስንደዶ ጫፍ ለአበባይቱ ታጎርሳለች። እናቴ ይህን በዐቢይ ጾም አይታ፣ «እኛ ጦመን የሷ ዓሣ ይገድፋል!» ብላ ለሳምንት አኮረፈች።

ውሃው ሲጎድል የምታደርገው ነገር ደግሞ ያስገርመኝ ነበር። መስታወቱ ላይ የጫረችው ምልክት አለ፤ ከዚያ ዝቅ ሲል የምትጨምርበት ጨው ሳይሆን ንጹሕ የዝናብ ውሃ ነው። «ባሕር ነው እያልሽ ምነው ጨው የማትጨምሪ?» አልኋት አንድ ቀን።

«ውሃው ነው የሚሄደው» አለችኝ። «ጨው ቤቱን አይለቅም። በላዩ ከጨመርሽማ መራራ ይሆናል፣ ይገድላቸዋል።»

እንደዚያ ስትናገር ፊቷ ይፈካ ነበር። ወደ ሰሜን መመልከቱን ተወች። ከሴቶቹ ጋር ገበያ መውረድ፣ አማርኛዋን ማስተካከል፣ ሲስቁባት መልስ መስጠት ጀመረች። አያ ቢራራም ምጽዋ በሄደ ቁጥር በርሜሉን ሞልቶ ይመጣል፤ አሮጌውን ውሃ ቀንሳ አዲሱን ትቀላቅላለች። ግቢው ግን ገንዳውን በክፉ ዓይን ነበር የሚያየው። ያለ እሳት የሚፈላ ውሃ የጤና ነው? እናቴ «የጋኔን ጎታ» ብላ ሰየመችው፤ በበሩ ስታልፍ ታማትብ ነበር። ለተብርሃን ይህን ታውቃለች፣ ቅር አላላትም። የፈሩት ነገር አይነኩትም።

በሦስተኛው ዓመት ዘውዱ ታመመ። ትኩሳቱ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ የክሊኒኩ መርፌም፣ ጠበሉም አልረዳው አለ። እናቴ አንዱን ልጇን ቀድሞ ቀብራለች፤ ይህኛውን እንደምትቀብር እያወቀች አቅፋው ተቀምጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለተብርሃን ገበያ ወርዳ ሳለ፣ እናቴ ልጁን አዝላ በበረንዳው ስትንጎራደድ ቆየችና በድንገት ወደዚያ ክፍል ገባች። እኔም ተከተልኋት። ገንዳው ፊት ቆመች። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ አበባይቱ ጣቶቿን ትዘረጋለች፣ ፀሐዩ ገብቶ ሁሉ ነገር ያበራል። እናቴ ተንበረከከች።

«አንተ ይህችን ውሃ ከዚያ ሁሉ አገር ያመጣሃት፣ ያለ እሳት የምታፈላት፣ ልጄን ማርልኝ» አለች ወደ ላይ እያየች። ከመቀነቷ ጫፍ ቀይ የመዳብ ሳንቲሞች ፈትታ፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ከአሸዋው ሥር ቀበረቻቸው። ጠበል ስትሄድም ከምንጩ ሳንቲም ትጥል ነበር። ስለት ደግሞ ለሰው ዓይን አይሰጥም። ወደ እኔ ዞራ ጣቷን ከአፏ ላይ አደረገች። ልጅ ነኝ፤ መዳብ ምን እንደሚያደርግ ማን ነግሮኝ።

ዘውዱ በማግስቱ ላበው፣ ከዚያ ውሃ ጠየቀ፣ ከዚያ እንጀራ። ስለት አይነገርም ያለችው እናቴ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ሹክ አለች። ያች አንዲት ደግሞ ለአንዲት ብቻ። ከዚያ ወዲያ ለተብርሃን ገበያ በወረደች ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያ በር ይገባሉ፤ መካኒቱ፣ ባሏ የኮበለለው፣ ላሟ የነጠፈባት። እጃቸው እየረጠበ ይወጣሉ። ለተብርሃንንም ይወዷት ጀመር። እንቁላል ያመጡላታል፣ «ምነው ከሳሽ?» ይሏታል፣ በደግ ቃል ይቀበሏታል። «አሁን ጎንደሬ ሆንሁ» አለችኝ ደስ ብሏት። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

መጀመሪያ አበባይቱ ተሸመቀቀች፤ አልተከፈተችም። ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ እየተላቀቁ ወደቁ። ለተብርሃን ኩራዙን ጨመረች፣ ከመነዳሪውን ሌት ተቀን ነፋች። አያ ቢራራ ከወትሮው ፈጥኖ ምጽዋ ወርዶ አዲስ ውሃ፣ አዲስ ቀንድ አውጣ አመጣ፤ አዲሶቹም ሳይሰነብቱ ረገፉ። መርጃኑ ቀለሙ እየተገፈፈ እንደ አጥንት ነጣ። መቀነት የታጠቀው ዓሣ ብቻውን በዚያ ነጭ ድንጋይ ዙሪያ ሲዞር ሰነበተና አንድ ጠዋት ጎኑን ሰጥቶ ተንሳፍፎ ተገኘ። ሽታው ግቢውን ሁሉ ሞላው። አያ ቢራራ «ደጋው ነው፤ የኛ ብርድ ነው የገደላቸው» ብሎ አለቀሰ። ሾፌር ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እስኪሞት ድረስም ብርዱ ነው ብሎ አምኗል።

ውሃውን ጨልፋ ስትጨርስ አሸዋውን በእንጨት ጭልፋ ማውጣት ጀመረች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ጭልፋው ቀጭ አለ። በእጇ ብትዝቅ ሳንቲም ነው፤ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ። ደግማ ብትዝቅ ሌላ። መዳፏ ሞላ። አንዱን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ከዝገቱ ሥር ቀይ ሆነ።

«አባቴ የጀልባውን ሆድ በምን ይለብጠው እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «በመዳብ። በባሕር የሚኖር ነገር ሁሉ መዳብ የነካውን አይጠጋም። የተጠጋ ይሞታል።»

እናቴ ዘውዱን በእጁ ይዛ ስትገባ ባዶውን ገንዳ አየች። ሳንቲሙንም አየች። በጉልበቷ ወድቃ የለተብርሃንን እግር ያዘች። «ውሃይቱ የልጄን ደዌ ወስዳ ሞተች!» አለች እያለቀሰች። «በሱ ፋንታ ሞተች፣ እኅቴ! ምን ብዬ ልክፈልሽ?»

ለተብርሃን ዘውዱን አየችው። ጉንጩ ሞልቶ፣ አፍንጫው ተዝረክርኮ፣ በባዶው መስታወት ውስጥ ፊቱን እያየ ይስቃል። ከመዳፏ አንዱን ሳንቲም መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ተነሽ» አለቻት። «ይቺን ለአንገቱ እሰሪለት። የሱ ናት።»

እናቴ ስማ ተቀበለቻት። ስትወጣ ለተብርሃን ክንዴን ያዘችኝ። «የመዳቡን ነገር እንዳትነግሪያት» አለች። አንገቴን ነቀነቅሁ። «አያ ቢራራ እንደገና ያመጣልሻል» አልኋት ላጽናናት ብዬ።

«ቢያመጣ እንደገና ይጥሉበታል። ሲፈሩኝ ችዬው ነበር። መውደዳቸውን ግን አልችለውም።»

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ተቀመጡ። አለቃ ወርቁ ላብ እያጠመቃቸው «ያ እኮ ለወግ የተባለ ነው ልጄ» አሉ። «እኔ በወጋችሁ አልተቀመጥሁም» አለች ለተብርሃን፤ «በቃላችሁ ነው የተቀመጥሁት። ባሕሩ አለ?» አያ ቢራራ ራሱ በማኪናው አሳፍሮ ወሰዳት፤ ሴቶቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው እያለቀሱ ሸኟት። ከልባቸው ነበር የሚያለቅሱት። ሲመለስ በርሜሉ አልነበረም። ገንዳውን እናቴ ለመነችውና የዶሮ ማስፈልፈያ አደረገችው።

እናቴ ይህን ታሪክ እስክትሞት ድረስ እንደ ተአምር ስታወራው ኖረች። ስታወራ አንድም ቀን አፌን አልከፈትሁም። የተናደድሁት በእሷ ይሁን በለተብርሃን ቸርነት ለይቼ አላውቅም፤ ያ ቸርነት እኔ ላይ ተጭኖ ነው የቀረው።

«ተራው የአቶ ዘውዱ ነው» አለች ነርሷ።

ዘውዱ ተነሣ፤ ግን ወደ ሐኪሙ በር አልሄደም። ሽማግሌ ሆኖ ዛሬም መርፌ ይፈራል። ወደ ገንዳው ተጠግቶ እጁን ከሸሚዙ ሥር አገባና በቆዳ ማሰሪያ ያለችውን ቀይ ሳንቲም አወጣ። በጣቱ እያሻሻት ፈገግ አለ።

«በእናታችን አፅም፣ ይሄ እኮ ያኔ ያዳነኝ ዓይነት ነው» አለና ክዳኑን ገፋ አደረገው። «ልጣልላት እንዴ? ከዚህም ታሳልፈኛለች።»

ዘልዬ እጁን ያዝሁት። ሳንቲሟ ከውሃው በላይ ተንጠልጥላ ቆመች፤ ብርቱካንማዎቹ ዓሦች ምግብ መስሏቸው ወደ ላይ መጡ።

«ምነው?» አለ ደንግጦ።

ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልነገርሁትን ልነግረው ነበር። ዐይኑን አየሁት፤ የእናቴ ዐይን ነው።

«ያንተ ስለት ተከፍሏል» አልሁት። «መልሰህ እሰራት።»