ከድንኳኑ ጠርዝ የሚቧጥጠው

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ለዲላ ገና እንግዳ ነበርኩ። መኪናውን ራሱ እየነዳ፣ አውሬ ለማየት ወደ ቦረና ለሚወርድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኮቸሬ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠውና ጫካ መስሎን የሰው እንሰት መሃል ገባን። ደረቅ ቅጠል የለበሰ ለስላሳ ቦታ አገኘን። ቅጠሉን የተጫኑትን ድንጋዮች አንስተን ጉልቻ አደረግናቸውና ድንኳናችንን እዚያው ተከልን።

እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሥሬ የሚወጣው ሽታ ይኮመጥጣል፤ መሬቱም ይሞቃል። በቃ፣ የጅብ ጉድጓድ ላይ ተኝተናል አልኩ በልቤ። ጎህ ሲቀድ ከራስጌዬ በኩል አንድ ነገር መሬቱን ይቧጥጥ ጀመር። ይቧጥጣል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይቧጥጣል። የድንኳኑ ጠርዝ ከፍ አለ። ፈረንጁ ብድግ ብሎ ጠመንጃውን ደገነ። "ተኩስ!" ልለው አፌን ከፈትኩ።

በጠርዙ ሥር ጭቃ የነካው የሴት እጅ ገባ።

"እናንተ ሰዎች፣" አለች ሴትዮዋ ከውጭ፣ "ቆጮ የቀበርኩበት ላይ ነው የተኛችሁት። ትንሽ ጠጋ በሉልኝ፤ ለልጆቼ ቁርስ ላውጣ።"